«አዲስ» ለማን?

አያቴ ከመኸር የገባ ጤፍ ወዲያውኑ ወደ ወፍጮ ቤት እንዲሄድ አይፈቅዱም ነበር። ከጎተራው አንድ እፍኝ ዘግነው፣ በመዳፋቸው ፈትገው፣ እብቁን እፍ ብለው ካዩ በኋላ «ገና ነው፣ ይክረም» ይላሉ፤ ያልከረመ ጤፍ ውኃ አያነሳም፣ እንጀራውም አያምርም ብለው ያምኑ ነበርና።

ይህ ቃላቸው ከብዙ ዓመታት በኋላ ትዝ ያለኝ የአውሮፓ ፓተንት ቢሮ እ.ኤ.አ. በ2007 ለአንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ ስለሰጠው የጤፍ ዱቄት ፓተንት (ለፈጠራ የሚሰጥ ብቸኛ መብት) ሳነብ ነው። ጤፉ ከታጨደ በኋላ ለሳምንታት ቆይቶ መፈጨቱ የፓተንቱ አካል ሆኗል። ለመፍጨት መድረሱ የሚታወቀውም በሙቅ ውኃ በተበጠበጠው ዱቄት ውስጥ አንድ ዘንግ ወደ ታች እስኪወርድ የሚፈጀው ጊዜ በሰከንድ ተለክቶ ቢያንስ 250 ሲሆን ነው። መለኪያው የላቦራቶሪ መሆኑን አልክድም፤ ሐሳቡ ግን ያው የአያቴ «ይክረም» መስሎ ታየኝ። ፓተንት የሚሰጠው ለአዲስ ነገር ከሆነ፣ ይህ አዲስ የሆነው ለማን ነው?

ጥያቄውን ይዤ የፓተንት ሕግን ታሪክ ወደ ኋላ ስከተለው፣ ሕጉ ሲጀመር «አዲስ» ይባል የነበረው ለዓለም ሳይሆን ለአገሩ አዲስ የሆነው ነገር እንደነበር ተረዳሁ። የእንግሊዙ ንጉሥ ሄንሪ 6ኛ በ1449 ለፍሌሚሹ ባለሙያ ለጆን ኦቭ ዩቲናም ባለቀለም መስታወት የመሥራት ብቸኛ መብት ለ20 ዓመት የሰጡት፣ ሙያው በእንግሊዝ ስላልነበረና ለአገሬው ሰው እንዲያስተምር ስለተፈለገ ነው። ቬኒስም በ1474 ባወጣችው ሕግ፣ በግዛቷ ከዚያ በፊት ያልተሠራ መሣሪያ ይዞ ለቀረበ ሰው የ10 ዓመት ጥበቃ ሰጠች፤ አስመስሎ የሠራበት 100 ዱካት (የወርቅ ገንዘብ) ይከፍላል፣ የሠራውም ዕቃ ይሰባበራል። እንግሊዝ በ1624 ጊዜውን 14 ዓመት ያደረገችው፣ ሁለት ዙር ተለማማጆችን ለየሰባት ዓመት አሠልጥኖ ለማውጣት እንዲበቃ ነው ይባላል።

በዚህ አሠራር ነውር አላይበትም፤ ሙያ የጎደለው አገር ባለሙያን የሚስብበት ብልሃት ነው። የእኛም የፓተንት አዋጅ ቁጥር 123/1987 ዓ.ም. ቢሆን፣ በውጭ አገር ፓተንት የተሰጠውን ፈጠራ ወደ ኢትዮጵያ አስገብቶ ሥራ ላይ ለሚያውል ሰው እስከ 10 ዓመት የሚጸና ፓተንት ይፈቅዳል፤ ቬኒስ ከ5 መቶ ዓመት በፊት የወሰነችው ያንኑ ያህል ጊዜ መሆኑ ይገርመኛል።

ችግሩ የጠናው የሩቅ ሰው ዕውቀት በሌላ አገር ገበያ ዋጋ ሲያወጣ ነው። በአሜሪካ እስከ 2013 በሠራው ሕግ፣ በውጭ አገር ሕዝብ እጅ በተግባር ብቻ የኖረ ዕውቀት ታትሞ ካልተገኘ በቀር ለአሜሪካ ፓተንት እንቅፋት አይሆንም ነበር። እርድ ቁስል ለማዳን ስለሚውልበት መንገድ በ1995 እዚያ ፓተንት ሲሰጥ፣ ሕንዶች በ1997 ሊያሰርዙት የቻሉት በሳንስክሪትና በሌሎች ቋንቋዎች የተጻፉ ሰነዶችን አቅርበው ነው። አያቴ ግን የጻፉት ነገር አልነበረም።

አውሮፓ በዚህ ረገድ ቀድማለች። በ1973 በሙኒክ የተፈረመው የፓተንት ስምምነት፣ በጽሑፍም ይሁን በቃል ወይም በአጠቃቀም፣ በየትኛውም የዓለም ክፍል ለሕዝብ የደረሰ ነገር አዲስ እንዳይባል ደንግጓል። ድንጋጌው ፍትሐዊ ነው። ይሁን እንጂ የሚመረምረው ባለሙያ የሚፈልገው በመዛግብትና በመጽሔቶች ውስጥ ስለሆነ፣ በጎተራና በወፍጮ ቤት የኖረው ዕውቀት በሕግ ፊት እንዳለ ተቆጥሮ በተግባር ግን ሳይታይ ይቀራል። የጤፉ ፓተንት ያለፈው ይህ ድንጋጌ በሥራ ላይ እያለ ነው።

ፓተንቱን በመጨረሻ የጣለው በኔዘርላንድ የተነሣ የንግድ ክርክር ነው። ባለመብቱ ለዳቦ ቤቶች ግብዓት የሚያቀርብ ሌላ ኩባንያን መብቴን ጥሰሃል ብሎ ከሰሰ፣ ተከሳሹም ፓተንቱ ራሱ ዋጋ የለውም ሲል ተከራከረ፤ በሄግ የሚገኘው ፍርድ ቤትም በ2018 ሥራው ለዘርፉ ባለሙያ ግልጽ ከሆነው ያለፈ የፈጠራ እርምጃ የለውም ብሎ ሻረው። ኢትዮጵያ በዚያ ክርክር ከሳሽም ተከሳሽም አልነበረችም። ፍርዱም የሚጸናው በኔዘርላንድ ብቻ ስለነበር፣ ያው ፓተንት በጸናባቸው በሌሎቹ የአውሮፓ አገሮች በዚያ ቀን አልወደቀም።