ባሕር ዳር ላይ መቶ በመቶ ስንት ነው?

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ላብራቶሪው ጠላ ጠላ ሸተተኝ። እናቴ ጠላ ስትጠምቅ ነው ያደግኩት፤ ሽታውን አልስተውም። ሁለት ሊትር በምታህለው ባዮሪአክተር (እርሾ የማረባበት ዕቃ) ውስጥ ያለው እርሾ አልኮል መሥራት ጀምሯል። ኮምፒውተሬ ግን ኦክስጅኑ ገና ከአንድ ሰዓት በላይ ያስኬዳል እያለኝ ነበር።

እርሾን የመረጥኩት ርካሽ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ከእርሾ የሚሠራው የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ፈቃድ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1986 ነው፤ ዛሬ ከኢንሱሊኑም ከፊሉ የሚመረተው በእርሾ ነው። የእኔው ተራ የዳቦ እርሾ፣ መለማመጃ ነበር። ጠባዩ አስቸጋሪ ነው፦ ስኳር ሲበዛለት ኦክስጅን ሞልቶም አልኮል ይሠራል፣ ኦክስጅን ሲያጥረውም ያው አልኮል ነው። አልኮል ከሆነ ደግሞ ስኳሩ ባከነ። ስለዚህ ስኳሩ በትንሽ በትንሹ፣ እርሾው በሚራባበት ልክ መግባት አለበት። የእኔ ድርሻ ያንን ልክ ቀድሞ ማስላት ነበር።

ሞዴሉ ከባድ አልነበረም። የእርሾ፣ የስኳርና የኦክስጅን ሂሳብ፣ ሦስት ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን፤ በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ፣ ሳይፓይ በሚባለው የሂሳብ መሣሪያ ይፈታል። የዕድገቱን ፍጥነት በሰዓት 0.2 አደረግኩት። ውጤቱ ኦክስጅኑ እስከ 13ኛው ሰዓት ይበቃል አለ። እርሾው 12 እንኳ ሳይሞላ ጠላውን ጠመቀ።

ከዚህ በኋላ ያደረግኩት ያሳፍረኛል። ሞዴሉ ውስጥ ኬኤልኤ የሚባል ቁጥር አለ፤ አየሩ ኦክስጅኑን ለውኃው የሚያቀብልበት ፍጥነት ነው። ከ120 ወደ 96 ሳወርደው ግራፉ ከልኬቱ ጋር ልክክ አለ። ደስ ብሎኝ ተኛሁ። ቁጥር እየጎተቱ ግራፍ ማስማማት የሙያችን ክፉ አመል ነው፣ እኔም አላመለጥኩም።

የጎተትኩትን ቁጥር በእጄ ልለካው ብዬ ስነሳ ነው ነገሩ የተበላሸው። አየሩን ለጥቂት ጊዜ ዘጋሁ። እርሾው ሲተነፍስ የኦክስጅን ፕሮቡ (ውስጡ የተነከረው መለኪያ) ከ80 ፐርሰንት ወደ 40 ወረደ። መልሼ ከፈትኩና አወጣጡን በየአምስት ሰከንዱ መዘገብኩ። ሦስቴ ደገምኩት፤ ሦስቴም 120 አካባቢ ሰጠኝ። 96 የሚባል ነገር የለም። ሁለት ሳምንት ሙሉ ፕሮቡን ስወቅስ፣ ጫፉ ላይ ያለውን ስስ ሽፋን፣ ሜምብሬኑን፣ ስቀይር ከረምኩ።

አንድ ቀን ቴርሞሜትር ላረጋግጥ ውኃ አፈላሁ። ውኃው እየተንተከተከ ቴርሞሜትሩ 94 ላይ ቆመ።

«ይሄም ተበላሽቷል» አልኩ።

የላብራቶሪው ቴክኒሻን፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ ከወንበራቸው ሳይነሱ «ልጄ፣ ስሟ አታሎሽ ነው እንጂ ባሕር ዳር እኮ ከባሕር ዳር አይደለችም። ውኃ እዚህ መቼ መቶ ደርሶ ያውቃል?» አሉና ሻያቸውን ቀጠሉ።

እውነታቸውን ነው። ጣናን እያየሁ አድጌ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ መኖሬን ረስቼዋለሁ። የአየሩ ግፊት እዚህ 82 ኪሎፓስካል ያህል ነው፤ በባሕር ወለል ላይ 101 ነው። ግፊቱ ሲያንስ ውኃ የሚይዘው ኦክስጅንም ያንሳል። ኮዴ ውስጥ የከተትኩት የኦክስጅን መጠን፣ በ30 ዲግሪ በሊትር 7.56 ሚሊግራም፣ ከመጽሐፍ ሠንጠረዥ የገለበጥኩት የባሕር ወለል ቁጥር ነበር። እዚህ 6.06 ነው፣ ሃያ በመቶ ያነሰ። ፕሮቡ አልዋሸም፤ እዚሁ አየር ላይ መቶ ብለን ስለምናስተካክለው ምጽዋም ባሕር ዳርም መቶ ይላል። መቶው ስንት ሚሊግራም እንደሆነ ግን አይናገርም። ኬኤልኤን የለካሁት በፐርሰንት ስለነበር ከፍታው አልነካውም፣ ለዚህ ነው ትክክለኛውን 120 የሰጠኝ። ሰዓቱም ገጠመ፦ በሰዓት 0.2 ለሚያድግ እርሾ ኦክስጅኑ በሃያ በመቶ ሲያንስ እጥረቱ 1.1 ሰዓት ቀድሞ ይመጣል። ጠላው የሸተተኝ በዚያችው ሰዓት ነው።

ከዚያ ወዲያ ግፊት የሚነካውን ሁሉ መጠርጠር ጀመርኩ። አውቶክሌቩ (ዕቃ በእንፋሎት የምናመክንበት ማሽን) ለምሳሌ፦ ጌጁ፣ የግፊት መለኪያው፣ የሚያሳየው ከውጭው አየር በላይ ያለውን ግፊት ብቻ ነው። መመሪያው እንደሚለው 103 ኪሎፓስካል ላይ ብናቆመው እዚህ የምናገኘው 118 ዲግሪ ገደማ እንጂ ለማምከን የምንፈልገውን 121 አይደለም። አሁን በጌጅ ሳይሆን በቴርሞሜትር ነው የምሄደው።

ለባዮሪአክተሩ ብዙ ምርጫ አልነበረኝም። ፋብሪካ ቢሆን የብረቱን ታንክ ግፊት ከፍ ማድረግ ወይም ንጹሕ ኦክስጅን መቀላቀል ይቻላል፤ የእኔው ብርጭቆ ነው፣ ግፊት አይችልም። ስኳሩን ቀነስኩለትና አዳሩን ሽታ ሳይኖር ነጋ።

ኮዱ አሁን ሲከፈት የመጀመሪያው መስመር የአየር ግፊት ነው። ባለፈው አዲስ አበባ ያለ ጓደኛዬ ወስዶት ነበር። በማግስቱ ደውሎ «እርሾዬ ቶሎ ኦክስጅን ያልቅበታል» ሲለኝ የመጀመሪያውን መስመር አንብብልኝ አልኩት።

«82» አለ።

«76 አድርገው።»