ጉልበት ነካሹ አሰልጣኝ

ሚሺጋን ስመጣ የአሜሪካ ፉትቦል ለእኔ የራስ ቁር ያጠለቁ ሰዎች ግፊያ ነበር። ያስለመደኝ ዳን ካምቤል ነው።

እ.አ.አ በ2021 የሚሺጋኑ ቡድን የዲትሮይት ላየንስ ዋና አሰልጣኝ ሲሆን በመጀመሪያ መግለጫው ላይ፣ ሲጥሉን ጉልበታቸውን ነክሰን እንነሳለን አለ። ሰውየው ጤነኛ ነው? አልኩ።

ግን ቡድኑን ያውቀዋል። ራሱ የላየንስ ተጫዋች ነበር። ያውም በ2008፣ ቡድኑ አስራ ስድስቱንም ጨዋታ በተሸነፈበት ዓመት! እሱ ተጎድቶ ነበርና አብዛኛውን ተመልካች ሆኖ ነው ያሳለፈው።

አሰልጣኝ ሆኖም የመጀመሪያው ዓመት 3 ድል ብቻ። በ2024 የውድድር ዘመን ግን 15 አሸንፎ 2 ተሸነፈ።

እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ከዚያ የውድድር ዘመን በፊት፣ በ2024 መጀመሪያ፣ ከሳን ፍራንሲስኮ ቡድን ጋር፣ ለሱፐር ቦል፣ ማለትም ለፍጻሜው፣ አንድ ጨዋታ ሲቀር። እረፍት ሲወጡ 24 ለ 7 እየመሩ ነበር። ከእረፍት በኋላ ካምቤል በእግር አስመትቶ 3 ነጥብ መሞከር ሲችል፣ አይ፣ በአራተኛው ሙከራ እንቀጥል አለ። አራተኛው የመጨረሻው ነው፤ ካልተሳካ ኳሷ ለተጋጣሚ ትሰጣለች። ኳሷ የላየንሱ ተጫዋች ጆሽ ሬይኖልድስ እጅ ደርሳ ወደቀች። ሻይዬን ይዤ ደርቄ ቀረሁ። ቆይቶ ደገመው፤ አሁንም አልተሳካም። 34 ለ 31 ተሸነፉ።

ከጨዋታው በኋላ በውሳኔው እንደማይጸጸት ተናገረ። እኔ ብሆን ግን ኳሷን አስመታ ነበር።