የጓሮ ኩሬዬ ውሃ የጠራው እንዲህ ነው

ባህር ዳር ግቢዬ ውስጥ ኩሬ ቆፍሬ ጂኦሜምብሬን (ውሃ የማያሳልፍ ወፍራም ፕላስቲክ) አነጠፍኩበት። የጉድጓድ ውሃ ሞልቼ ጥቂት የቆሮሶ (ቲላፒያ) ዓሣ ለቀቅኩበት። እስከዚህ ድረስ ቀላል ነው። ሥራው የሚጀምረው ውሃው አረንጓዴ መሆን ሲጀምር ነው።

አረንጓዴ የሚያደርገው አልጌ የሚባለው ውሃ ውስጥ የሚራባ ደቃቅ ነገር ነው። አልጌ ደግሞ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ካገኘ የሚያቆመው የለም። ለዓሣ የምንበትነው ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ፣ የዓሣው ቆሻሻ፣ የረገፈ ቅጠል፣ ክረምት ላይ ጎርፍ ከጓሮ አጥቦ የሚያመጣው ፍግ፣ ሁሉም ለውሃው ማዳበሪያ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ከኩሬው በላይ ቦይ ቀድጄ ጎርፉን ወደ ሌላ አቅጣጫ መራሁት።

ከዚያ ለአልጌው ተሻሚ ተከልኩበት። ዳር ዳሩን ታንኳ የሚሠራበትን ደንገል፣ መሃሉ ላይ የውሃ አበባ። ደንገሉን ጠጠር ላይ ነው የተከልኩት፤ ለም አፈር ማለት ያው ተጨማሪ ማዳበሪያ ነው። «እንቦጭ ትከል፣ ውሃ ያጠራል» ያሉኝ ሰዎች ነበሩ። ንጥረ ነገር በመምጠጥ በኩል እውነታቸውን ነው። ግን እንቦጭ እ.ኤ.አ. በ2011 ጣና ላይ መታየቱ ከታወቀ ወዲህ ሐይቁን ምን እንዳደረገው እያየሁ፣ በጎርፍ አንድ ቁራጭ ልታመልጥ የምትችልበት ግቢ ውስጥ አልተክለውም።

ከሁሉም በላይ የተማርኩት ይህንን ነው፦ ተክል ንጥረ ነገሩን ይይዘዋል እንጂ አያጠፋውም። ያረጀ ደንገል ውሃው ውስጥ ወድቆ ከበሰበሰ የመጠጠውን መልሶ ይተፋዋል። ስለዚህ ቢጫ መሆን ሲጀምር ከሥሩ ቆርጬ አወጣዋለሁ። ኮምፖስት ይሆንና ለጎመኑ ይደርሳል። የዓሣው ፉርሽካ ዞሮ ዞሮ ጎመን ሆኖ ገበታዬ ላይ ይቀርባል ማለት ነው፤ ይሄ በጣም ደስ ይለኛል።

ተክል በዛ ተብሎም ዝም አይባልም። ቀን ኦክስጅን ይሰጣል፣ ሌሊት ግን እሱም አልጌውም ከዓሣው ጋር ይሻማሉ። ኦክስጅን በጣም የሚያንሰው ሊነጋጋ ሲል ነው። ያን ሰዓት ዓሣዎቹ አፋቸውን ከውሃው በላይ አውጥተው አየር ሲጎርሱ ካየሁ አዲስ ውሃ ቶሎ እጨምራለሁ። ቅጠሉ ከውሃው ገጽ ከግማሽ በላይ እንዳይሸፍንም እየቀነስኩ ነው።

ምግብ ከመስጠቴ በፊት እጄን እስከ ክርኔ እነክራለሁ። ጣቶቼ ከታዩኝ ፉርሽካ እበትናለሁ። ካልታዩኝ የዚያን ቀን ምግብ የለም። ጭካኔ አይደለም፤ ቆሮሶ አልጌም ስለሚበላ ጦሙን አያድርም።