ስለ ውክልና ቀድሞ የነገረኝ አልነበረም

ለአንድ የግል ባንክ የዳይሬክተሮች ቦርድ ሁለት ጊዜ ተወዳድሬአለሁ። መጀመሪያ ወደቅሁ፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ተመረጥሁ።

የትምህርትና የሥራ ልምድ ማስረጃ ማቅረቡ ቀላል ነው። አስመራጭ ኮሚቴው ልጆቼ ትንንሾች መሆናቸውን ጠየቀኝ፤ አራት ልጆች ያሉትን ወንድ እጩ ግን ስለ ልጆቹ ማንም አልጠየቀውም።

የወደቅሁት ውክልና ላይ ነው፤ ከጉባኤው የሚቀር ባለአክሲዮን ሌላ ሰው ድምፅ እንዲሰጥለት የሚፈርመው ወረቀት ማለት ነው። በባለአክሲዮኖች ጉባኤ ድምፅ የሚቆጠረው በአክሲዮን እንጂ በሰው ቁጥር ስላልሆነ፣ ከመጣው ሰው ይልቅ የቀረው ሰው ፊርማ ይበልጥ ይመዝናል። እኔ ግን ሌሊቱን ሙሉ ንግግር ሳሰናዳ ነበር፤ የተሰጠኝ ሦስት ደቂቃ ነው! የብዙ ሴቶች አክሲዮን በስማቸው ቢሆንም ድምፁን የሚሰጡት ባሎቻቸው ናቸው። መርካቶ የሚነግዱ አንዲት እናት «እሱ ነው የሚያውቀው፣ ልጄ» አሉኝ። ገንዘቡን ያዋጡት እርሳቸው ናቸው።

እንደምንም የ41 ሴቶች ውክልና ሰበሰብሁ። ማስታወቂያው «ከጉባኤው ሦስት ቀን በፊት» ስለሚል በመጨረሻው ቀን ወደ ባንኩ አክሲዮን ክፍል ይዤ ሄድሁ። ሠራተኛው መታወቂያና የአክሲዮን ሰርተፍኬት ጎን ለጎን እያስተያየ አንዱ ላይ «ወልደማርያም»፣ ሌላው ላይ «ወልደ ማርያም» ተብሎ ተጽፏል አለ። ክፍተቷን በእስክሪብቶው ጫፍ አሳየኝ። እንዲህ እንዲህ እያለ 17ቱን መለሰብኝ። በዚያው ሰዓት የአንድ ትልቅ ባለአክሲዮን ተላላኪ በላስቲክ የታሰረ ክምር አስረከበ፤ አንዱንም የገለጠው የለም። ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል። በ2005 ሥራ የጀመረውን እናት ባንክን በመሠረቱት 11 ሴቶች ያን ቀን ቀናሁ።

ስለዚህ የሦስት ቀኑን ማስታወቂያ አትስሙ። ስም የማስተካከሉን ጉዳይ በነሐሴ ጀምሩት፤ ጉባኤው ኅዳር ላይ ሲጠራ አክሲዮን ክፍሉ ሥራ ይበዛበታል። ለሴቶች ኮታ ይውጣ የሚሉ ጓደኞቼን አልቃወምም፤ ግን ቁጭ ብላችሁ አትጠብቁ። በ2011 ከ20 ሚኒስትሮች 10ሩ ሴቶች የሆኑት ሹመት ስለሆነ ነው። አክሲዮን ማኅበር ውስጥ እንዲህ የሚሾም የለም።

በሁለተኛው ዙር የመርካቶዋ እናት ራሳቸው መጡ። ባላቸው አጠገባቸው ተቀምጠው ነበር። እርሳቸው የድምፅ መስጫ ወረቀታቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሸፍነው ጻፉ።