ቡሬን ሳስታምም

ቡሬ በሬ አይደለም። ይህን አስቀድሜ ተናግሬ ልገላገል፤ ጎጃም ውስጥ «ቡሬ ታሞብኛል» ካላችሁ ሰው ሁሉ «ታዲያ በምን ልታርሱ ነው?» ነው የሚላችሁ። የኔ ቡሬ ጊኒ ፒግ ነው፤ ጭራ የሌላት ትልቅ አይጥ የሚመስል፣ ሣር በል ትንሽ እንስሳ። ነጭና ቀይ ዝንጉርጉር ስለሆነ ስሙን ያወጣችለት አብራኝ የምትኖረው የእህቴ ልጅ ናት። ደህና በነበረ ጊዜ 950 ግራም ይመዝን ነበር። አንድ ኪሎ ስኳር እንኳን አይሞላም።

ደብረ ማርቆስ የገባው ካቻምና ነው። አዲስ አበባ ያለች ጓደኛዬ ወደ ውጭ ስትሄድ እኔ ላይ ጣለችው። መንገዱን ሙሉ ካርቶን ውስጥ ሆኖ ሲጮህ የአውቶቡሱ ረዳት «ዶሮ ነው?» አለኝ። አዎ አልኩት። ማስረዳቱ ደከመኝ።

የታመመው ታኅሣሥ ላይ ነው። መጀመሪያ ያወቅነው በዝምታው ነው። ጊኒ ፒግ ፌስታል ሲንኮሻኮሽ ከሰማ አርፎ አይቀመጥም፤ ሣር የመጣለት እየመሰለው «ዊክ ዊክ ዊክ» እያለ ቤቱን ያናውጠዋል፣ እኔ ለራሴ ሽንኩርት ገዝቼ ስገባ እንኳን ይጮህብኛል። አንድ ማክሰኞ ማታ ፌስታሉን ይዤ ገባሁ። ዝም። ሄጄ ሳየው ጥግ ላይ ኩርምት ብሏል፣ ጠጉሩ ቆሟል፣ ዓይኑ ስልምልም ይላል። ላነሳው ስል ጮኸ። የፌስታሉ ዓይነት ጩኸት አልነበረም፤ ያመመው ሰው ሲነካ የሚጮኸው ዓይነት ነው። የኋላ እግሩን ይጎትታል፣ ጉልበቱ ጋ አብጧል፣ ጠዋት የሰጠነው ገብስም እንዳለ ነው።

ጊኒ ፒግ ምግብ ከተወ «እስቲ እስከ ነገ እንየው» አይባልም። ውሻ አንድ ቀን ባይበላ ብዙ አያሳስብም። የዚህ አንጀት ግን የሚሠራው ከላይ ሲገባለት ብቻ ነው። ግማሽ ቀን፣ ሲበዛ አንድ ቀን ባዶውን ከዋለ ሆዱ መሥራት ያቆማል፣ ጋዝ ይሞላዋል፣ ከዚያ መመለስ ጭንቅ ነው። ማስታወክ እንኳን አይችልም።

የአከራያችንን ላም ያከመ ሐኪም ስልክ ነበረኝ። ደወልኩ።

«ዶክተር፣ ቡሬ መብላት አቁሟል። የኋላ እግሩንም ይጎትታል።»

«ስንት ዓመቱ ነው?»

«ሁለት ሊሞላው ነው።»

«ገና ወይፈን ነው በይኛ! ያመሰኳል?»

«ኧረ አያመሰኳም። ጊኒ ፒግ ነው።»

ስልኩ ጸጥ አለ። የተዘጋ መስሎኝ ሃሎ ልል ስል ሲስቅ ሰማሁት፣ እኔም በዚያ ጭንቀት ውስጥ ሳቅሁ። ከዚያ ግን ደስ ያለኝን ነገር ተናገረ። «እኔ የማውቀው በሬና በቅሎ ነው። ተማሪ እያለሁ ላብራቶሪ ውስጥ ካየሁት ወዲህ ጊኒ ፒግ ገጥሞኝ አያውቅም። አንብቤ ልደውልልሽ።» አላውቅም የሚል ሐኪም እንዴት ያሳርፋል! በአንድ ሰዓት ውስጥ መልሶ ደወለ። የመጀመሪያ ጥያቄው ምን ትመግቢዋለሽ የሚል ነበር።

ድርቆሽ (የእንጀራውን ሳይሆን የሣሩን)፣ ገብስ፣ ፉርሽካ።

«እርጥብ ነገርስ?»

ክረምቱን ሙሉ ሣር ሲበላ ነበር። ሐምሌና ነሐሴ ማርቆስ ላይ ሣር የማይበቅልበት ቦታ የለም፣ የእህቴ ልጅ ከደጅ ስትመለስ አንድ እቅፍ ይዛለት ትመጣለች። ጥቅምት ሲያልቅ ሣሩ ደረቀ። እኛም ወደ ድርቆሽ ዞርን። ጥንቸል ያሳድግ የነበረ ጎረቤታችን ጥንቸሎቹ በፉርሽካና በገብስ እንደወፈሩ ስለነገረኝ እኔም ያንኑ አደረግሁ። ጎመን ደግሞ ሆዱን ይነፋዋል የሚል ነገር የሆነ ቦታ ሰምቼ ከልክዬዋለሁ።

«እንግዲያው ቫይታሚን ሲ ነው ያለቀበት» አለኝ።

ጥንቸል ቫይታሚን ሲን በራሱ ሰውነት ይሠራል። በሬም፣ አይጥም እንደዚያው። ጊኒ ፒግ አይችልም። በዚህ ነገር የሚመሳሰለው ከኛ ከሰዎች ጋር ነው፤ ከአፉ ካልገባለት የለውም፣ ሰውነቱም ብዙ አያጠራቅምም። ሁለት ሦስት ሳምንት ሲጎድልበት መገጣጠሚያው ያብጣል፣ ድዱ ይደማል፣ ጥርሱ ይላላል፣ ስለሚያመውም ምግብ ይተዋል። ስሙ ስከርቪ ነው፣ ድሮ መርከበኞችን ይፈጅ የነበረው በሽታ።

በኋላ ሳነብ ደግሞ የባሰ የሚያሳፍር ነገር አገኘሁ። በ1907 እ.ኤ.አ. አክሰል ሆልስትና ቴዎዶር ፍሮሊክ የሚባሉ ሁለት የኖርዌይ ሰዎች የመርከበኞችን ሌላ በሽታ ሊያጠኑ ብለው ጊኒ ፒጎችን እህል ብቻ ይመግባሉ። ያልጠበቁት ስከርቪ ወጣባቸው። ለቫይታሚን ሲ መገኘት መንገድ ከከፈቱት ነገሮች አንዱ ይኸው ነው። እኔ እንግዲህ የነሱን ሙከራ ከመቶ ምናምን ዓመት በኋላ ማርቆስ ላይ፣ በጎጃም ገብስ ደገምኩት።

በጣም ያንገበገበኝ ግን ወቅቱ ነው። የነቢያት ጾም ነበር። በየቀኑ ጎመን ነው የምንሠራው። ግንዱን ቆርጬ እጥላለሁ፣ እሱ ከምድጃው ሁለት እርምጃ ርቆ ሽታውን እየሳበ ገብሱን ይቆረጥማል።

ሐኪሙ ገጠር ክትባት ላይ ስለነበር እስከ ቅዳሜ አይመጣም። ሦስት ነገር አዘዘኝ። ቫይታሚን ሲ በቀን 50 ሚሊግራም፣ ውሃው ውስጥ ሳይሆን አፉ ውስጥ፣ ምክንያቱም ውሃ ላይ ቶሎ ይበላሻል። በየሁለት ሦስት ሰዓቱ በሲሪንጅ መመገብ። ሦስተኛውን ሁለት ጊዜ ደገመልኝ፦ ማንም ቢሆን ፔኒሲሊን ወይም አሞክሳሲሊን እንዳይሰጠው። እኛ እንደ ከረሜላ የምንውጠው መድኃኒት የጊኒ ፒግ አንጀት ውስጥ ያሉትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ይገድላል፣ መጥፎው ብቻውን ይነግሣል፣ በቀናት ውስጥ ይሞታል።

ያን ሁለቴ ባይደግምልኝ ኖሮ ቡሬ ዛሬ አይኖርም ነበር። በማግስቱ ቢያንስ እግሩን ይዩልኝ ብዬ አንድ ክሊኒክ ወሰድኩት። የነበረው ልጅ ቅርጫቱን ገለጥ አድርጎ «ለአይጥ ነው እንዴ የመጣሽው?» አለና ሳቀ፣ ሳቁን ሳይጨርስ መርፌ መሳብ ጀመረ። ምንድነው ስለው ፔኒሲሊን ነው አለኝ፣ «ለሁሉም ይሆናል»። ቅርጫቴን አንስቼ ወጣሁ። ቤት ስደርስ ደግሞ አከራያችን እማማ፣ ነፍሳቸውን ይማርና ባለቤታቸው ትተውት የሄዱትን አሞክሳሲሊን ከመሳቢያ አውጥተው ጠበቁኝ። እምቢ ስላቸው ወደ ዳማከሴ ዞሩ። «ምች ነው የመታው ልጄ፣ ትንሽ ጨምቀሽ አሽቺው።» እሱንም እምቢ አልኩ። ተቀየሙኝ።

ድርቆሹን በሙቀጫ እወቅጠዋለሁ፣ በወንፊት እነፋዋለሁ፣ ዱቄቱን በሞቀ ውሃና በጎመን ጭማቂ አቀጥነዋለሁ። የመጀመሪያውን ቀን አወፈርኩት። ሲሪንጁ ተወተፈ፣ ገፋ ሳደርገው ግማሹ ግድግዳው ላይ፣ ግማሹ ፊቴ ላይ ሄደ። ከዚያ እየቀጠነ መጣ። ቡሬን በአሮጌ ነጠላ እንደ ሕፃን እጠቀልለውና ጭኔ ላይ አስቀምጠዋለሁ፣ ጭንቅላቱ ብቻ ይወጣል። ሲሪንጁ ከፊት ለፊት አይገባም፤ በጎን በኩል፣ ከፊት ጥርሶቹ ኋላ ባለችው ክፍት ቦታ ነው። ግማሽ ሚሊ፣ ከዚያ ቆም። አገጩ መንቀሳቀሱን በጣቴ እየዳሰስኩ እጠብቃለሁ። ካላኘከ አይጨመርም፣ ከተቸኮለ ወደ ሳንባው ነው የሚገባው። አንዱ ዙር አርባ ደቂቃ ይፈጃል። ማስታመም እንዲህ በግማሽ ሚሊ የሚለካ ነገር መሆኑን አላውቅም ነበር።

የታኅሣሥን የማርቆስ ብርድ ታውቁታላችሁ። ሃይላንድ ፈላ ያለ ውሃ ሞልቼ በጨርቅ ጠቅልዬ አጠገቡ አኖራለሁ፣ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ለመኖ ስነሳ እቀይራለሁ። ሐሙስ ሌሊት መብራት ጠፍቶ በስልክ መብራት ሳጎርሰው እህቴ ቴሌግራም ላይ እንደነቃሁ አይታ ደወለች። «ለኔ ስታመም እንዲህ ሆነሽ ታውቂያለሽ?» አለችኝ። ምን ብዬ ልመልስላት!

በጠጡንም እንቆጥር ነበር። አዎ፣ አንድ በአንድ። ይህ የእህቴ ልጅ ሥራ ነው፣ ደብተሯ ላይ መስመር አስምራለታለች። ረቡዕ ሰባት ፍሬ፣ ሐሙስ አሥራ አንድ፣ ዓርብ ሠላሳ አራት። በሠላሳ አራት በጠጥ ያለቀስኩ ሰው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። (ለስላሳውን ዓይነት መልሶ ይበላዋል፣ ተፈጥሮው ነው፣ አትደንግጡ። እኛ ስንደነግጥ ከርመናል።)

ሚዛን ደግሞ የለኝም። ዘመም ብሎ ወደቆመው ሱቅ ጠዋት ጠዋት እወስደዋለሁ። ባለሱቁ ስኳር የሚመዝንበት ሳህን ላይ ንጹሕ ፌስታል ያነጥፍለታል፣ ቡሬ መሃል ላይ ድፍት ብሎ ይቀመጣል። ረቡዕ 720። ከ950 ማለት ነው። ባለሱቁ ቁጥሩን ሳያይ ፊቴን አየና ምንም አላለም። ዳቦ ሊገዛ የቆመ ሰውዬ ግን «ይሄ ይበላል እንዴ?» አለ። ፔሩ ውስጥ ይበላል አልኩት። እውነት ነው፣ አገሩ እዚያ አንዲስ ተራራ ነው፣ ኩይ ብለው ይበሉታል። ሰውዬው ነገሩን አሰበበትና «ታዲያ እሱን ያህል ነው?» ብሎ ዳቦውን ይዞ ሄደ።

ቅዳሜ ሐኪሙ መጣ። ድዱን ከፍቶ አሳየኝ፣ ደም አቅሯል። አንዱ የላይ ጥርሱ ተሰብሯል። ጥርሳቸው ዕድሜ ልኩን ስለሚያድግ ይተካል፣ እስኪተካ ግን ጎመኑን እንደ ጌሾ አድቅቀሽ ነው የምትሰጪው አለኝ። እግሩን አገላበጠ፣ ስብራት የለም። ለበሬ የያዘውን ትልቅ ቦርሳ ምንም ሳያወጣበት ዘጋው። ሒሳብ ስጠይቀው ቡና አፍሊ አለኝ።

ሁለት ሳምንት አልፎታል። እግሩን አሁንም ሲያነክስ አያለሁ፣ የሌሊቱን መኖ ግን ትቻለሁ። ከትናንት በስቲያ እማማ ደጄ ላይ አንድ እስር ጎመን ከጓሯቸው ቆርጠው አስቀምጠው ሄደዋል። ዳማከሴውን ይቅር ያሉኝ ይመስለኛል።

ዛሬ ጠዋት 845 አለ። ለሐኪሙ ደውዬ ነገርኩት።

«ጎበዝ» አለኝ። «ለግንቦት ይደርሳል። ጥንድ ፈልጊለትና እናጠምደዋለን።»