ስሙ የማን ነው፣ ዜናው ከየት ይወጣል? የብራንድ ትምህርቴ እዚህ ደርሷል

ወገኖች፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ብራንዲንግ በራሴ ጊዜ እየተማርኩ እንደሆነ ታውቃላችሁ። ሰሞኑን የያዝኩት ርዕስ እናት ኩባንያና በስሯ ያሉት ኩባንያዎች ስምና ዜናን እንዴት እንደሚከፋፈሉ ነው።

የጀመርኩት ከሰፈር ነው። ቱሉ ዲምቱ ለሚኖር ሰው ቂሊንጦ ጎረቤት ነው፤ የሄኒከን ፋብሪካ ደግሞ እዚያ ነው ያለው። ሄኒከን በደሌንና ሐረርን ከመንግሥት የገዛው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ቂሊንጦ ላይ አዲስ ፋብሪካ ተክሎ ዋሊያን አመጣ። ሐረርና በደሌ ግን ስማቸውን እንደያዙ ቀጠሉ። ለምን ይቀየራል? የሐረር ልጅ ቢራውን የኔ ብሎ ነው የሚጠጣው። ያን ስም ማጥፋት ማለት ገንዘብ የወጣበትን ዋና ነገር መጣል ነው።

ወደ ሰበታ ስንሄድ ነገሩ የበለጠ ግልጽ ይሆናል። ሜታ ቢራን እ.ኤ.አ. በ2012 የእንግሊዙ ዲያጂዮ ገዛው፤ በ2022 ለቢጂአይ (የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ አምራች) ሸጠው። ባለቤቱ ሁለቴ ተለወጠ፣ ጠጪው ግን ያው «ሜታ አምጣልኝ» ነው የሚለው።

እኔን የያዘኝ የዜናው ጉዳይ ነው። ዲያጂዮ ለንደን፣ ሄኒከን አምስተርዳም የአክሲዮን ገበያ ላይ ያሉ ናቸው። እንዲህ ያለ ኩባንያ የአክሲዮኑን ዋጋ ሊያንቀሳቅስ የሚችል ወሬ ሲኖረው ለሁሉም ባለሀብት እኩል መናገር አለበት። ስለዚህ እዚህ ያለው ቅርንጫፍ ቀድሞ ቢለቀው ጣጣ ነው። የቢጂአይ እናት ካስቴል ግን የቤተሰብ ኩባንያ ናት፣ አክሲዮን ገበያ ላይ የለችም። ዝም ማለት ብትፈልግ ብዙ የሚያስገድዳት የለም።

ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ጥሩ መለማመጃ ሆኖልኛል። ስሙ ከናይሮቢው እናት ኩባንያ ጋር አንድ ነው። አዲስ ጥቅል ወይም አዲስ ከተማ ሲሆን እዚሁ በአማርኛ ይነገረናል። ትርፍና ኪሳራው ግን ናይሮቢ ላይ፣ እናትየው በግንቦትና በኅዳር አካባቢ ውጤቷን ስታሳውቅ፣ በኬንያ ሽልንግ ይወጣል። ከላይ ደግሞ ጆሃንስበርግ ገበያ ላይ ያለው ቮዳኮም ድርሻ አለው፤ እሱም የራሱን ሪፖርት ያወጣል። አንዱን ቁጥር በሁለቱም ሪፖርት ፈልጉት፤ አቀራረቡ ምን ያህል እንደሚለያይ ታያላችሁ።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሌላ መንገድ ነው የመረጠው። ካርጎውም፣ ጥገናውም፣ ዩኒቨርሲቲውም አንድ ስም ይዘዋል። ደስ የሚለው አንዱ ሲመሰገን ሁሉም ይመሰገናል። መጥፎ ዜና ሲመጣም እንደዚያው ነው። ውጭ ሲወጣ ግን ጠባዩ ይለወጣል፦ ቶጎ፣ ሎሜ ላይ ድርሻ ያለው ኩባንያ አስካይ ይባላል፣ 49 በመቶ ድርሻ የያዘበት የማላዊው ደግሞ ማላዊ ኤርላይንስ። በሰው አገር የአገሬውን ስም ማስቀደም ብልህነት ነው ባይ ነኝ።

ጎግል እ.ኤ.አ. በ2015 አልፋቤት የሚባል እናት ፈጠረ፣ ፌስቡክ በ2021 ሜታ ሆነ (የሰበታው አይደለም!)። እነሱን በሌላ ቀን።

ተግባራዊ ልምምዱን ያደረግኩት ኮዬ ፈጬ ላይ ዳቦ ቤት ባለው የአክስቴ ልጅ ነው። አሁን ብሎኬት ማምረት ጀምሯል፤ ለሁለቱም አንድ ስም ካልሆነ አለኝ። እኔ ለየው ብዬዋለሁ። ቁርሱን ሲገዛ ሲሚንቶ ትዝ እንዲለው የሚፈልግ ማን አለ? ዱቄት ተወዶ ዳቦ ሲጨምር የሚሰማው ቅሬታም ወደ ብሎኬቱ ባይሻገር ይሻላል። እሱ ገና አላመነኝም። ሎጎውን ለሁለት መሥራት ወጪ ነው ይላል፤ እውነቱን ነው።

ቀጥዬ የማየው የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስን ነው። አየር መንገዱም፣ ንግድ ባንክም፣ ኢትዮ ቴሌኮምም በስሩ ናቸው፤ ልጆቹ ግን ከእሱ በላይ ስም አላቸው። የሁሉንም መግለጫ ጎን ለጎን አድርጌ ማን ቀድሞ እንደሚናገር እያየሁ ነው። ከመካከላችሁ ኮሙኒኬሽን ክፍል የሚሠራ ካለ አንድ ነገር ይንገረኝ፦ መግለጫ ከመውጣቱ በፊት ወደ እናት ኩባንያ ሄዶ ይፀድቃል ወይስ ከወጣ በኋላ ነው የምታሳውቁት?