አንተና አንቺ የሌለበት ቋንቋ

ዛሬ የስፓኒሽ ትምህርት ላይ ከጎኔ የሚቀመጠው እንግሊዛዊ አሳዘነኝ። «ዮ» (እኔ) ሳይል ዓረፍተ ነገር መጀመር አልሆንለት አለ። እኛ ግን ይሄን ከእናታችን ጡት ጋር ነው የጠባነው! «እናገራለሁ» ካልኩ «እኔ» ምን ይሠራል? የስፓኒሹ «አብሎ»ም (እናገራለሁ) እንደዚያው ነው፤ ተናጋሪውን የያዘው ራሱ ግሱ ነው። «ዮ» የሚመጣው ሲያጎሉ ወይም ሲያነጻጽሩ ነው።

የሚገርመው የጾታው ነገር ነው። «ቱ» ለአንተም ለአንቺም አንድ ነው። እኛ የማንለየውን «እኛ»ን ደግሞ እነሱ ይለያሉ፦ ኖሶትሮስ፣ ሁሉም ሴቶች ከሆኑ ኖሶትራስ።

ስሞቹ ላይ ስንደርስ ግን ኩራቴ በረደ 😅 በ«ኦ» የሚያልቅ ወንድ፣ በ«አ» የሚያልቅ ሴት ይሉና «ላ ማኖ» (እጅ) ሴት፣ «ኤል ዲያ» (ቀን) ወንድ ይሆናሉ። ውሃማ ጉድ ነው! ሴት ሆና ሳለ፣ «ላ አግዋ» ሲባል ሁለቱ «አ» እንዳይጋጩ ብለው የሴቱን «ላ» በወንዱ «ኤል» ተክተው «ኤል አግዋ» ይሏታል። ቀዝቃዛ ስትሆን ግን ሴትነቷ ይመለሳል፦ «ኤል አግዋ ፍሪያ»።

አስተማሪያችን የስፔን ሰው ስለሆነች ለ«እናንተ» «ቦሶትሮስ» በሉ ትላለች። ጎረቤቶቼ ደግሞ ኮሎምቢያውያን ናቸው፤ ለቅርብ ጓደኞችም ቢሆን «ኡስቴዴስ» ነው የሚሉት። እኔ የጎረቤቶቼን ነው የማጠናው፤ ቡና የምጠጣው ከእነሱ ጋር ነው።